የጀርባ ልክ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለውድ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ደጅሽ ይድረስ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ዓይንሽስ? መርፌ ላይ ክር ለማስገባት አሁንም ሰው አላስጠራሽም? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ብደውልልሽ ይቀል ነበር፤ አንቺ ግን «በስልክ ድምፅህ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስለኛል፣ ሲያባንነኝ ያድራል» ካልሽኝ ወዲህ ስልኩን ትቼ ወደ እስክሪብቶ ተመልሻለሁ። ጽሕፈቴ ዛሬም ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ታግሠሽ አንብቢው።

ሥራዬ እንደ ወትሮው ነው። ከሆቴልና ከሆስፒታል የሚመጣ አንሶላ እናጥባለን፤ እኔ ያለሁት መተኮሻው ጋ ነው። እርጥቡን አንሶላ በዚህ በኩል አጎርሰዋለሁ፣ በዚያ በኩል ተተኩሶና ተጣጥፎ ይወጣል። ድሮ ግቢ ውስጥ አንቺና እኔ ጫፍና ጫፍ ይዘን፣ አንቺ ሆን ብለሽ ድንገት እየሳብሽብኝ የምናጥፈውን እዚህ ማሽን ብቻውን ይጨርሰዋል። ጩኸቱ ስለሚያደነቁር ማንም ከማንም ጋር አያወራም። ከሥራ ውጭ ግን ጓደኛ ሞልቶኛል። ቤቴን ሰው አይለየውም፤ እራት ብቻዬን የበላሁበትን ቀን አላስታውስም። ስለዚህ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባሽ።

ስለ ሰማዩ አልጽፍም። «እሑድ እሑድ ከአውሮፕላን ስለምትዘልበት ነገር እንዳትነግረኝ፤ በሕይወት ካለህ የምድር የምድሩን ጻፍልኝ» ብለሽ ቃል ካስገባሽኝ ወዲህ አንዲት መስመር ጽፌልሽ አላውቅም። ዛሬም አልጽፍም። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ሴት የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ዘመዶቿን ጠይቃ ኅዳር ላይ ትመለሳለች። አንድ ልብስ አስይዣታለሁ። ልብስ ነው፤ ከዚያ በላይ ምንም አልልም። ከሰው የገዛሁት አሮጌ ነው፤ የቀድሞ ባለቤቱ እኔን ሁለት ያክላል። እጅጌውንና ጎኑን በልኬ አጥብቢልኝ፣ ጀርባው ላይም እንዳይንጠለጠልብኝ። እዚህ የሚያስተካክሉት ሰዎች ወረፋቸው ረጅም ነው።

ልኬ ይኸው፦ ደረት ሰማንያ ስምንት፣ ወገብ ሰባ ሁለት፣ ክንድ ስልሳ ሦስት፣ የጀርባ ስፋት ሃምሳ አንድ።

የእህትሽ ልጅ፣ ያው ቀጮ

—

ኅዳር 6

ልጄ ቀጮ፤

ሰላምታህ ደጄ ደርሶ፣ ገብቶም ተቀምጧል። የኔም ካለህበት ይድረስህ። ወጥተህ መግባትህን፣ ተኝተህ መንቃትህን የሚያይ ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ። እኔ ደህና ነኝ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቴ ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል፤ ከዚያ ሌላ በሽታ የለብኝም።

አሁን ወደ ልብስህ ልምጣ። ኧረ ለመሆኑ ይኼ ልብስ ነው ወይስ ድንኳን? ባልደረባህ ከሻንጣዋ ጎትታ ጎትታ ስታወጣው የሚያልቅ አልመሰለኝም። እጅጌው ከጎኑ ጋር ተሰፍቷል፤ ሁለቱ እግሮች መሃል ለመሃል በጨርቅ ተያይዘዋል። ይህን የለበሰ ሰው ወንበር ላይ እንዴት ይቀመጣል? ሽንቱ ቢመጣበትስ? ምን እንደሆነ አልጠየቅኩህም። ጠርጥሬያለሁ፤ ጠርጥሬም ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘሉ አይሰበሩ ይባላል፤ እኔ ተረቱን ነው የጠቀስኩት እንጂ ሌላ ነገር አልወጣኝም።

እጅጌውንም ጎኑንም አጥብቤልሃለሁ። ጨርቁ እጅ ላይ ይሙለጨለጫል፤ ሦስት መርፌ ሰብሮብኛል። መጀመሪያ የሰፋው ሰው ግን ጉድ ነው። ደረቱና ብብቱ ሥር አራት ቦታ አፉን እንደከፈተ ትቶታል። ኪስ ነው እንዳልል ታች የለውም፤ ተቀዶ ነው እንዳልል ጠርዙ ተሰፍቷል። መጨረስ ሰልችቶት ተነስቶ የሄደ ነው የሚመስለው። ከኔ ቤት ደግሞ አፉን የከፈተ ልብስ ወጥቶ አያውቅም። አራቱንም ጥርቅም አድርጌ ዘግቼልሃለሁ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። አታመስግነኝ።

ቆይ ግን፤ ጀርባህን ማን ነው የለካው? ደረትህ የቀጮ ደረት ነው፣ ወገብህም የቀጮ ወገብ ነው። ጀርባህ ላይ ስደርስ ሃምሳ አንድ ብለህ የቁምሳጥን ተሸካሚ ጀርባ ሰጠኸኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለካ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሰው ደረቱን ራሱ ይለካል፤ ወገቡንም ይለካል። ጀርባውን ግን አይችልም፤ ከኋላው የሚቆምለት ሰው ያስፈልገዋል። አንተ ግድግዳ ተደግፈህ፣ በግራ በቀኝ ምልክት አድርገህ ነው የለካኸው። ተሳሳትኩ? ቤትህን ሰው የማይለየው ከሆነ ከዚያ ሁሉ እራት በላተኛ አንዱ ተነስቶ ሜትር የሚይዝልህ ጠፋ?

ቁጥርህን ተውኩት። ስትሄድ በር ላይ ያቀፍኩህን አስታውሼ ነው ጀርባውን ያጠበብኩት። መዳፌ አይረሳም።

ስለ ቤቱ የሚነገር ብዙ የለም። ተከራይዋ መምህርት ተዛውራ ሄዳለች፤ ሌላ ለማስገባት አልቸኮልኩም። ሰው አሁን የተሰፋውን ከገበያ ስለሚገዛ ሥራም ቀዝቀዝ ብሏል። ቤቱ ትንሽ ሰፍቶኛል፤ ለመጥረግ ማለቴ ነው። ከጓደኞችህ ጋር የተነሳኸውን ፎቶ ላክልኝና መልካቸውን ልወቀው።

አክስትህ

—

ታኅሣሥ 9

ይድረስ ለአክስቴ፤

ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ይቅር በይኝ። ልብሱ ደርሶኛል። እጅጌው ልክክ ብሏል፣ ጀርባውም ከገላዬ ጋር የተወለደ ይመስላል። ቃሌን ግን ላፈርስ ነው። ስለ ሰማዩ መጻፌ ነው። እዚህ ላይ አቁመሽ ደብዳቤውን ማጠፍ ትችያለሽ፤ ካጠፍሽው ግን የምጎዳው እኔ ነኝ።

የላክሁልሽ የክንፍ ልብስ ነው። ሌላ ጊዜ ስንዘል ፓራሹቱን እስክንከፍት እንደ ድንጋይ ነው የምንወርደው። ይህን የለበሰ ሰው ግን ክንዱንና እግሩን ሲዘረጋ በመሃል ያለው ጨርቅ ክንፍ ይሆንለታል፤ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትም ይሄዳል። ይበራል አክስቴ። ሁለት መቶ ጊዜ ያልዘለለ ሰው እንዲለብሰው አይፈቀድለትም፤ እኔ ሁለት መቶው በነሐሴ ሞላልኝ።

ባለፈው እሑድ ጠዋት አሠልጣኙ አውሮፕላኑ በሚያድርበት መጋዘን ውስጥ ልብሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይፈትሽልኝ ጀመር። ዚፑን አየ፣ እጅጌውን አየ፣ ስፌትሽን ወደደው። እጁ ደረቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አፉን ማን ዘጋው?» አለኝ።

«አክስቴ።»

«አክስትህ ምን ትሠራለች?»

«ልብስ ሰፊ ናት።»

ወንበር እስኪደገፍ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና እነዚያ አራት አፎች አየር የሚገባባቸው መሆናቸውን ነገረኝ። አየሩ በእነሱ ገብቶ ነው ክንፉን የሚነፋው፤ ያልተነፋ ክንፍ እርጥብ አንሶላ ማለት ነው። የለመደ ሰው እንኳ ይሽከረከርበታል። የሚሽከረከር ሰው ደግሞ የፓራሹቱ እጀታ ላይጨበጥለት ይችላል። «ሳላየው ወጥተህ ቢሆን ኖሮ» አለና የቀረውን ዋጠው።

ይህን የምጽፍልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ምን እንደሆነ ሳልነግርሽ ላክሁ፤ አንቺም ሳትጠይቂ ሰፋሽ። አትጻፍልኝ፣ አልጽፍም ተባብለን ያመጣነው ነገር ነው።

ለምን ላንቺ እንደላክሁት ልንገርሽ። የወረፋው ነገር እውነት ነው፤ ግን ለእሱ ብዬ አይደለም። ፈርቼ ነው። በዚያ ሁሉ ዝላይ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። የክንፍ ልብስ የለበሱ ሰዎች ርቀው ስለሚሄዱ ከአውሮፕላኑ የሚወጡት ከሁሉ በኋላ ነው። አውሮፕላኑ ሞልቶ ይነሳል፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን እንቀመጣለን። ከዚያ እየዘለሉ እየዘለሉ ያልቃሉ፤ አግዳሚ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ያንን ባዶ ወንበር ሳስብ ያንቺ እጅ ያረፈበት ነገር ገላዬ ላይ እንዲኖር ፈለግሁ። ምርቃትሽን ብጠይቅሽ ትከለክይኛለሽ፤ ሳታውቂ ልወስደው ነበር።

አሁን ስፌቱን እንዴት እንደምፈታው ንገሪኝ። አሠልጣኙ «ጠርዙ ከተቀደደ ልብሱ አለቀለት» ብሏል፤ እኔም ያንቺን ስፌት በመቀስ መንካት አልሆነልኝም። ደግሞም ዝለል ወይም አትዝለል በይኝ። አትዝለል ካልሽኝ ምስማር ላይ እሰቅለዋለሁ፣ ሁለተኛም አላነሳውም። የምቀልድ እንዳይመስልሽ። የምንዘልበት ሜዳ የነፋስ ወቅት ሲገባ፣ በመጋቢት መጨረሻ ይዘጋል። እስከዚያ እጠብቅሻለሁ።

ፎቶውን ሌላ ጊዜ እልክልሻለሁ።

ቀጮ

—

ጥር 21

አክስቴ፤

ደርሶሽ ይሆን? ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የማየው የደረጃው ሥር ያለውን የፖስታ ሣጥን ነው። የሌላ ሰው ማስታወቂያ ይገባበታል፤ ያንቺ ጽሕፈት ግን የለም። አሞሽ ይሆን? የተቆጣሽ ከሆነ ተቆጥቻለሁ ብለሽ ጻፊልኝ፣ እሱም ደብዳቤ ነው።

እሑድ እሑድ ሜዳው ድረስ እሄዳለሁ። አልዘልም። የሌሎቹን ፓራሹት በማጣጠፍ አግዛቸዋለሁ፤ ሲመሽ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። ክፍሌ ውስጥ ሬዲዮ እከፍታለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጎረቤቴ ይስላል። ሰውዬውን ደረጃ ላይ ከማለፍ በቀር አላውቀውም፤ ሳሉን ግን ከመቶ ሳል መሃል እለየዋለሁ።

«ጓደኞቼ ሁሉ ሰላም ይሉሻል» ብዬ ጀምሬ ሰርዤዋለሁ፤ ከላይ የጠቆረው እሱ ነው። ጀርባዬን የለካው ግድግዳው ነው። ልክ ነሽ።

ቀጮ

—

የካቲት 14

ልጄ፤

በሕይወት አለሁ፤ አልታመምኩምም። ሰላምታው ለጊዜው እምቢ ብሎኛል፤ መጨረሻ ላይ ካገኘሁት እጽፍልሃለሁ።

የታኅሣሡ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ እጅጌ እየገጠምኩ ነበር። አንብቤ ስጨርስ መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደሰካሁ ተነሳሁ። እስከ ትናንት እዚያው ተሰክቶ ነበር። ማሽኑን በአንሶላ ሸፈንኩት። ባለልብሷ መጥታ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ «እጄን አሞኛል» አልኳት። ውሸትም አይደለም። ልጅ ያሳደግሁበት እጅ ልጁን ሊገድልብኝ እንደነበር ከሰማሁ በኋላ ምን እጅ አለኝ?

በራሴ ተናድጄ ስጨርስ ባንተ ጀመርኩ። ሰማዩን እንዳትጽፍልኝ ያልኩህ ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። እግሩ ይሰበርብኛል ብዬ ብቻ መሰለህ? እናትህ ከሞተች ወዲህ ይህ ቤት አንተና እኔ ነበርን። ከዚያ አውሮፕላን መጣና ወሰደህ። የአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ላይ ተለጥፌ ጭራው እስኪጠፋ አየሁት። ያው እንደወሰደህ ቀረ። አንተ ደግሞ እሑድ በመጣ ቁጥር በገዛ ፈቃድህ እላዩ ላይ ትወጣለህ፤ ወጥተህም መሃል መንገድ ላይ ትወርዳለህ። ወደኔ ግን አንድ ቀን አልወረድክም። ቅናት ነው በለው፤ አልክድህም።

አሁን ስፌቱን ስማኝ። መቀስ እንዳታስጠጋው። የትምህርት ቤት ሱሪህን ታስታውሳለህ? ቁመትህ አላስቀምጥ ስላለኝ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፌ በሰንሰለት ስፌት ነበር የምይዘው። አንዱን ክር ስስበው ሁሉም ይለቅና ሱሪው ካንተ ጋር ይረዝማል። ያንተን ልብስ አንድም ቀን ላይፈታ ሰፍቼው አላውቅም፤ እጄ ለምዶ ይህንንም እንደዚያው ነው የዘጋው። የእያንዳንዱ አፍ ግራ ጫፍ ላይ ትንሽ ነጭ ቋጠሮ አለ። ቋጠሮውን በጥፍርህ ፍታና ክሩን ቀስ ብለህ ሳበው። ጨርቁ ሳያውቅ ይከፈታል።

ዝለል ወይም አትዝለል ላልከኝ ደግሞ፣ አትዝለል ብልህ እንደማትዘል አውቃለሁ። ከዚያ ጠዋት ማታ ምስማሩ ላይ እያየኸው እኔን በሆድህ ትወቅሰኛለህ። ዝለል እንዳልል አፌ አይታዘዘኝም። ስለዚህ ይህን አድርግ፤ ጀርባህን በሰው አስለካ። ግድግዳ አይሆንም፣ የበር እጀታም አይሆንም። ከኋላህ የቆመ፣ እጁ ትከሻህን የነካ ሰው ይሁን። ቁጥሩን ላክልኝ፤ ከመዳፌ ጋር አመሳክረዋለሁ፣ ብታታልለኝ አውቅብሃለሁ። በሰው ያስለካህ ዕለት የኔን መልስ አትጠብቅ፣ ዝለል። ሜትር የሚይዝለት አንድ ሰው የሌለው ግን ከሰማይ አይዘልም። ሳይመለስ ቢቀር ማን ይፈልገዋል?

ይኸው ሰላምታውም ተገኘ፦ ከላይ ያለው ከታች ካለው ጋር ሆኖ ይጠብቅህ።

አክስትህ

—

መጋቢት 24

ይድረስ ለውድ አክስቴ፤

አርባ ሁለት።

የለካው ሰው ነው። እኔም በሕይወት አለሁ። ሁለቱን ቀድሜ የነገርኩሽ ልብሽ ሳይንጠለጠል ቁጭ ብለሽ እንድታነቢ ነው። አሁን ሰላምታዬን ተቀበይኝ፤ ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ሰላም ሁኚልኝ።

ደብዳቤሽን ይዤ ብዙ ተንከራተትኩ። መጀመሪያ መተኮሻው ጋ አብሮኝ የሚቆመውን ሰው ሜትሩን አሳየሁትና ወደ ጀርባዬ አመለከትኩት። በዚያ ጩኸት ምን እንደገባው አላውቅም፤ ከኋላዬ ያለውን ጠረጴዛ ለካልኝና አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ድጋሚ ለማስረዳት አፈርኩ። አሠልጣኙን ብጠይቀው እምቢ አይለኝም ነበር፤ ግን ልብስ መፈተሽ ሥራው ነው፣ በእሱ ማስለካት አንቺን ማጭበርበር መሰለኝ። አንድ ሳምንት ሜትሩን ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። አክስቴ፣ ሜትር ያዝልኝ ብሎ መጠየቅ ይህን ያህል ይከብዳል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከአውሮፕላን በር መውጣት ይቀላል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የዚያን የሚያስለውን ጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። ሰንሰለቱን ሳያወልቅ በስንጥቁ አየኝ።

«ሳሉ አስቸገረህ አይደል?» አለኝ፣ ከሰላምታም በፊት።

«አይ፣ የለም። ጀርባዬን ይለኩልኛል ብዬ ነው።»

«ምንህን?»

«ጀርባዬን። አክስቴ ናት ያዘዘችኝ።»

«አክስት ካዘዘች ምን ይደረጋል፣ ግባ» አለና ሰንሰለቱን አወለቀው።

ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ክፍሉ የኔው ክፍል ነው፤ ወደ ግራ ተገልብጦ ብቻ። አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ፣ ምስማር ላይ ተቦርሾ የተሰቀለ የሾፌር ኮፍያ። መነጽሩን ፍለጋ መሳቢያውን ሁሉ አገላበጠ፤ ለካ ግንባሩ ላይ ነበር። ከኋላዬ ቆመና የሜትሩን ጫፍ ትከሻዬ ላይ አደረገ።

«ትከሻህን ልቀቀው» አለኝ። «ወጥረኸዋል። እንዲህ ሆነህ አይለካም።»

ልለቀው ሞከርኩ፣ አልለቅ አለኝ። ሙሉ መዳፉን ትከሻዬ ላይ አሳረፈና እስኪወርድ ጠበቀኝ። ያኔ ዓይኔ ሞላ። ሰው የነካኝ መቼ እንደሆነ ላስታውስ ብሞክር አልመጣልኝም። ከኋላዬ ስለነበር አላየኝም፤ ካየኝም አልነገረኝም። «አርባ ሁለት» ብሎ ቁጥሩን ሁለቴ አነበበልኝ።

ሻይ አፍልቶ ባለችው አንድ ብርጭቆ ለኔ ቀዳልኝ፤ እሱ በጣሳ ጠጣ። «ባለቤተሰብ ትመስለኝ ነበር» አለኝ። «ከቤትህ ወሬ ጠፍቶ አያውቅም።»

«ሬዲዮ ነው።»

«ሬዲዮ!» ብሎ ግድግዳውን አየ። «እኔ ደግሞ ልጆቹን እንዳልቀሰቅስ እያልኩ አፌን በትራስ አፍኜ ነው የምስለው።»

ለምን እንደተለካሁ ነገርኩት። «ሜዳው ድረስ ይምጡ» ስለው ደረቱ ረጅም መንገድ እንደማይችል ነገረኝ። ልወጣ ስል ግን «ስትመለስ ግድግዳውን አንኳኳልኝ፤ አለበለዚያ አልተኛም» አለኝ።

በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ሜዳው ሊዘጋ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ቋጠሮዎቹን ፈታሁ። ክሩ እንዳልሽው ሳይንገራገር መጣ፤ አራቱም አፎች ተከፈቱ። አሠልጣኙ ጣቱን እየከተተ አንድ በአንድ አያቸውና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ክሮቹን ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኳቸው።

የፈራሁት ወንበር እንደፈራሁት ሆነ። ሌሎቹ እየጮኹና እየተሳሳቁ ወጡ። በሩ ክፍት ነው፣ ነፋሱ ይጮኻል፣ አግዳሚው ላይ ሰው ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ሁሉ ባዶ ነው። አሠልጣኙ በሩ ጋ ሆኖ በእጁ ጠራኝ። አብሮኝ ነው የሚዘለው፤ ግን እሱም በራሱ ክንፍ ነው የሚበረው፣ ሊይዘኝ አይችልም። ክንፌን ሰብስቤ ወጣሁ፤ የአውሮፕላኑ ጭራ በላዬ እስኪያልፍ ታገሥኩና ዘረጋሁት።

ቀጥሎ ደረቴ ላይ ትር ትር የሚል ነገር ተሰማኝ፤ አየሩ አንቺ ዘግተሻቸው በነበሩት አፎች መግባቱ ነው። ክንፎቹ ሞሉና ጠጠሩ። መውደቄ ቀረና መሄድ ጀመርኩ። ደመናው ከሥሬ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አውቶቡስ መስኮት ላይ ተቀምጦ መንገድ እንደማየት ነው። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ወደ ግራ መዞር ጀመርኩ። ቀጥ ልል ስታገል ባሰብኝ፤ ምድር መሽከርከር ጀመረች። አሠልጣኙ ያስተማረኝ ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። አንድ ነገር ብቻ ቀረልኝ፦ «ትከሻህን ልቀቀው፤ ወጥረኸዋል።» የዚያ ሽማግሌ መዳፍ እንደገና ያረፈብኝ ይመስል ትከሻዬ ወረደ። መዞሩ ቆመ፤ ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በደንብ ልነግርሽ አልችልም። ሰፊ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። አሠልጣኙ በቀኜ ርቆ አንዲት ወፍ ያህላል። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ «አየህ?» የሚሉት ሰው አጠገብ አለመኖሩ ሆድ ያስብሳል። አንቺን አልኩሽ፤ ጮክ ብዬ «አየሽ?» አልኩሽ፤ ድምፄን ነፋሱ ወሰደው። ፓራሹቱን ስስብ ሳይንገራገር ተከፈተ። የእጅጌውን ዚፕ ፈትቼ እጄን አወጣሁና መሪውን ያዝኩ፤ ከሜዳው ጥግ፣ ማንም በሌለበት ሣር ላይ አረፍኩ። ፓራሹቱን አቅፌ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ ተመለስኩ። ሌሎቹ ምሳ ሄደዋል፤ ያጨበጨበልኝ የለም፤ አሠልጣኙ ብቻ ከሩቅ እጁን አነሳልኝ።

ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ግድግዳውን አንኳኳሁ። ዝም አለ። ደግሜ አንኳኳሁ፤ ሳሉም የለም። ወደ በሩ ልሮጥ ስል ከወዲያ በኩል ሁለቴ ተንኳኳ። ቀጥሎ ሳለ፤ በዚህ ጊዜ ትራስ አልነበረውም።

ጓደኞች አሉኝ ያልኩሽ ውሸት ነበር፤ አንቺም አውቀሽዋል። አሁን አንድ ጎረቤት አለኝ። ፎቶ ግን አይወድም።

ቀጮ

—

ሚያዝያ 18

ልጄ ቀጮ፤

ምድርም ሰማይም ያልከለከሉህ፣ እንኳን በሰላም ወረድክ። ደብዳቤህን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። ከማሽኑ ላይ አንሶላውን አንስቻለሁ፤ የባለልብሷን እጅጌም ገጥሜ ሰጥቻታለሁ። ለዚያ ሽማግሌ የደረት መሸፈኛ ሰፍቻለሁ፤ መንገደኛ ሳገኝ እልክለታለሁ። ኮት እንዳልሰፋለት ግን የጀርባው ልክ የለኝም፤ ሜትሩን ይዘህ ደግመህ አንኳኳ።

እኔ የሰፋሁት በአርባ ሦስት ነበር። አንዷ ሴንቲሜትር የት ገባች? ብቻህን በበላኸው እራት ነው ያለቀችው።

ካነሳነው አይቀር እኔም ልናገር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ? የለበስኩትን ቀሚስ ሁሉ ራሴ ነው የሰፋሁት፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ የሰፋሁት ሁሉ ጀርባው ላይ ይሰበሰባል፣ ወይም ይይዘኛል። በግምት ነው የምቆርጠው። ቀድሞ ሜትሩን የምትይዝልኝ አንተ ነበርክ፤ ወንበር ላይ ቆመህ፣ ምላስህን አውጥተህ። መምህርቷን እንዳልጠይቃት አፈርኩ፤ አሁን እሷም የለችም። በሰው አስለካ ብዬ ያዘዝኩህ ሴትዮ የራሴን ጀርባ ማን ይለካልኛል ብዬ ሳስብ ከዚህ ቤት መልስ የሚሰጠኝ አጣሁ። አዲስ ጨርቅ ገዝቻለሁ፤ እጅጌውንና ደረቱን ቆርጫለሁ። ጀርባውን አልነካሁትም፤ ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው።

ና፣ ለካኝ። የዕረፍት ጊዜ ስጡኝ በላቸው፣ አንሶላውን ማሽኑ ያጥፈው። አጥሩ ጋ የነበርኩበት ቦታ ላይ እቆማለሁ። ከሁሉ በኋላ ብትወጣም እጠብቅሃለሁ፤ ብቻ እንደ ልማድህ መሃል መንገድ ላይ እንዳትወርድብኝ።

አክስትህ